ውሃ የማያቀዘቅዝ እንስራ

ናይጄሪያዊቷ ሸክላ ሠሪ ላዲ ክዋሊ እንስራ ስትሠራ የምትዞረው ራሷ ነበረች፤ ጭቃው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። የተቦካውን ጭቃ መሃሉን ቦርቡራ ወደ ላይ ትስበዋለች፤ ከዚያም ዙሪያውን እየዞረች፣ ድብልብል ጭቃ እየደራረበች ግድግዳውን ታሳድጋለች። የእኛም አገር ሸክላ ሠሪዎች ያለ መንኮራኩር ነውና የሚሠሩት ዘዴው ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሷን ሥራ ለየት ያደረገው እሳቱ ነው።

ሙያውን የተማረችው በመካከለኛው ናይጄሪያ፣ በትውልድ መንደሯ በክዋሊ፣ ከአክስቷ ነው። እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ማይክል ካርዲው ሥራዎቿን በአቡጃ (በዛሬዋ ሱሌጃ) አሚር ቤት አይቶ ተደነቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 እሱ ወደሚመራው የሸክላ ማሠልጠኛ ገባች። እዚያ ምድጃው ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግል ነበር። ጭቃው ወደ ድንጋይነት ይጠጋል፤ የተቀባው ልባስም ቀልጦ መስታወት ይሆናል።

ዓይኔን የሚይዘው ግን መስመሩ ነው። ጭቃው ጠንከር ብሎ ገና ሳይደርቅ በሹል ነገር እንሽላሊት፣ ጊንጥ፣ ዓሣ ትጭርበታለች፤ በጭረቱ ውስጥ የተበጠበጠ ነጭ አፈር ትሞላለች። እንሽላሊቱ ከላይ እንደሚታይ ነው፤ እግሮቹ ግራና ቀኝ ተዘርግተው፣ አካሉ የእንስራውን ሆድ ተከትሎ ይለጠጣል። አንዳንዱ መስመር ወፈር፣ አንዳንዱ ሳሳ ይላል፤ እጇ የት እንደፈጠነ ይታወቃል። ልባሱ ሲቀልጥ ጠርዙ ላይ ይሳሳል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ያው አንድ ጭረት በመሃሉና በዳሩ የተለያየ ቀለም ያሳያል። ይህን ያለ ታላቅ እሳት ማግኘት አይቻልም።

ኪሳራም አለው፤ ቀላል ነው አልልም። በገላጣ እሳት የተተኮሰ እንስራ ይተነፍሳል፦ ውሃው በገላው ጥቂት በጥቂት እየወጣ ሲተን፣ የቀረው ይቀዘቅዛል። በመስታወት የተለበጠው ግን አያልበውም። የወንዝ ውሃ ይቀዳበት የነበረው ዕቃ የሙዚየም ሆነ፤ ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከሥራዎቿ አሉ። ያም ሆኖ ቅርጹን አልለወጠችም፤ ሆዱ ያው የውሃ ዕቃ ሆድ፣ አንገቱም ያው አንገት ነው። እኔ ከዚህ ድርድር ያተረፈችው መስመሩ ነው እላለሁ።

ላዲ በናይጄሪያ የ20 ናይራ ኖት ጀርባ ላይ ሸክላዋን ስትሠራ ትታያለች። ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ ጭረቱን ማየት የፈለገ ሰው ዕቃው ፊት መቆም አለበት።