የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌርን የአጠቃቀም ምቹነት ስለ መመዘን፦ ሂሳዊ አስተያየት

መግቢያ

መሥሪያ ቤቶች የሚሰበስቡትን አኃዝ አጠናቅሮ በሠንጠረዥ፥ በሥዕላዊ መግለጫና በካርታ የሚያሳየው ሶፍትዌር «ቢዝነስ ኢንተለጀንስ» በሚል ስም ይታወቃል። የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪ የነበረው ሃንስ ፒተር ሉን እ.ኤ.አ. በ1958 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ በዚህ ስያሜ ተጠቅሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ከንግዱ ዓለም አልፎ በጤና፥ በትምህርትና በፕላን ሥራ ውስጥ ገብቷል። አንድ ባለሙያ ከዳሽቦርድ ላይ የሚያነበው አኃዝ የመምህራንን ድልድልና የመማሪያ ክፍሎችን ሥራ የሚወስን ከሆነ፥ መሣሪያው ለሠራተኛው ምቹ መሆን አለመሆኑ የሚመዘንበት መንገድም ራሱ መመርመር ይኖርበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በብዛት የሚሠራበትን መለኪያ መተቸትና የጎደለውን ማመልከት ነው።

የመለኪያው ጥቅምና ወሰን

«ሲስተም ዩዛቢሊቲ ስኬል» የተባለውን መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1986 ዓ.ም. ያዘጋጀው በእንግሊዝ አገር በዲጂታል ኢኩፕመንት ኮርፖሬሽን ይሠራ የነበረው ጆን ብሩክ ነው። መጠይቁ አሥር ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ አምስቱ የሚያሞግሱ፥ አምስቱ የሚነቅፉ ሆነው እየተፈራረቁ ይቀርባሉ። መላሹ ከ1 እስከ 5 ባለው ደረጃ የመስማማቱን መጠን ይገልጻል፤ ውጤቱም ተሰልቶ ከ0 እስከ 100 ባለው ቁጥር ይቀመጣል። መጠይቁ አጭር ነው፤ ወጪ አይጠይቅም፤ ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን ለማነጻጸርም ያስችላል። ይህ የሚናቅ ጥቅም አይደለም።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ መቶኛ አይደለም። ለአሥሩም ዓረፍተ ነገሮች መካከለኛውን 3 የመረጠ ሰው ውጤቱ 50 ይሆናል፤ ከብዙ ጥናቶች የተገኘው አማካይም 68 ገደማ ነው። ስለዚህ 68ን እንደ ተማሪ የፈተና ውጤት ቆጥሮ «በደኅና አልፏል» ማለት አያስኬድም።

ከዚህም በላይ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ሠራተኛው መሣሪያውን መርጦ አላመጣውም። ከዓረፍተ ነገሮቹ አንዱ ተጠቃሚው መሣሪያውን አዘውትሮ ለመጠቀም መፈለጉን ይጠይቃል፤ በሦስት ወር አንድ ጊዜ ሪፖርት ለማውጣት ብቻ ለሚከፍተው ባለሙያ ይህ ጥያቄ ትርጉሙ አነስተኛ ነው። መጠይቁን የሚያድለው ሶፍትዌሩን ያስገዛው የበላይ ኃላፊ ሲሆን ደግሞ ይሉኝታ ገብቶ ውጤቱን ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ደስታና መረዳት

ዋናው ጉድለት ግን ሌላ ነው። መጠይቁ የተጠቃሚውን ስሜት እንጂ የደረሰበትን ፍርድ ትክክለኛነት አይመዝንም። ለምሳሌ ያህል በአንድ ወረዳ ለአንደኛ ደረጃ በተወሰነው ዕድሜ ላይ የሚገኙ ሕፃናት 10,000 ናቸው፥ በዚሁ ደረጃ የተመዘገቡት ተማሪዎች ደግሞ 10,800 ናቸው እንበል። ዳሽቦርዱ ጥቅል ተሳትፎው 108 በመቶ መሆኑን በአረንጓዴ ቀለም ያሳያል። ባለሙያውም በጥቂት ሴኮንድ አንብቦ፥ ከትምህርት ገበታ የቀረ ሕፃን የለም ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን ከተመዘገቡት ውስጥ 2,300ው ዕድሜያቸው ከተወሰነው በላይ ወይም በታች ከሆነ ንጥር ተሳትፎው 85 በመቶ ብቻ ነው፤ 1,500 ሕፃናትም በደረጃው አልተመዘገቡም። ባለሙያው አልተቸገረም፤ ቀለሙም ደስ ብሎታል፤ ለመጠይቁ ጥሩ መልስ ይሰጣል። ፍርዱ ግን የተሳሳተ ነው፤ ስሕተቱንም የሚከፍሉት ትምህርት ቤት ያልተሠራላቸው ሕፃናት ናቸው።

የዘመን አቆጣጠርም ተመሳሳይ ችግር ያስከትላል። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ሲሆን፥ ይህ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ጁላይ 8 ነው። ሶፍትዌሩ ሩብ ዓመትን ከጁላይ 1 የሚቆጥር ከሆነ ከሰኔ 24 እስከ 30 የተከናወነው ሥራ ወደሚቀጥለው ዓመት ይዞራል። ሥዕሉ ያማረ በመሆኑ ግን ስሕተቱ ላይታይ ይችላል። ችግሩ መፍትሔ የሌለው አይደለም፤ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚለማው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ከአማራጮቹ አንዱ አድርጎ ይዟል።

ምን ይደረግ?

አይ.ኤስ.ኦ. 9241-11 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ወጥቶ በ2018 ዓ.ም. ተሻሽሏል። በደረጃው መሠረት ምቹነት የሚመዘነው በሦስት ነገሮች ነው፤ እነርሱም ግብን በትክክል መምታት፥ የሚጠፋው ጊዜና ድካም፥ እንዲሁም የተጠቃሚው እርካታ ናቸው። ሦስቱም የሚታዩት ተጠቃሚው፥ ግቡና የሥራው ሁኔታ ተለይተው ሲታወቁ ነው። መጠይቁ የሚነካው በተለይ ሦስተኛውን ነው።

በመሆኑም መዛኙ አስቀድሞ ትክክለኛ መልሱ የታወቀ እውነተኛ ሥራ ለሠራተኛው በጠረጴዛው ላይ ሊሰጠው ይገባል፤ ለምሳሌ «በወረዳው ስንት ሕፃናት አልተመዘገቡም?» ብሎ ይጠይቀው። ከዚያም መልሱን፥ የፈጀውን ጊዜና የተደናቀፈበትን ቦታ መዝግቦ መጠይቁን በመጨረሻ ያቅርብ። ያኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. ካቀረቡት ስሌት በመነሣት አምስት ሰዎች ብዙውን ጉድለት ለማግኘት ይበቃሉ ይባላል፤ ይህ ግን ተጠቃሚዎቹ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ነው። ኃላፊው፥ የፕላን ባለሙያውና በትምህርት ቤት አኃዙን የሚሞላው መምህር ሦስት የተለያዩ ተጠቃሚዎች ስለሆኑ እያንዳንዳቸው ለብቻ ሊታዩ ይገባል።

በተለይ መምህሩ ሊዘነጋ አይገባም። ቅጹ እርሱን ካስቸገረው ከላይ የሚታየው ሥዕል ምንም ያህል ቢያምር መሠረቱ የላላ ነው። መሣሪያው ምቹ ነው ሊባል የሚገባው ሠራተኛው ስለወደደው ብቻ ሳይሆን፥ በእርሱ አማካይነት እውነቱን ሲያገኝ ነው።