የባላባቱ ወንበርና የፋብሪካው አጥር

ኃይሌ ገሪማ የዘውዱ ሥርዓት በሚናድበት ወቅት ቀርጾ በ1968 ያቀረበው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሰኘው ጥቁርና ነጭ ፊልም የሁለት ሰዓት ተኩል ርዝመት አለው። ባላባቱ ወንበሩን ከደጅ አስወጥቶ ይቀመጣል፤ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ያዛል፣ ይቆጣል፣ ይሰድባል። የጭሰኛው ቤተሰብ ደግሞ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ እስኪመሽ ሲለፋ ይውላል። ካሜራው አይቸኩልም። ገበሬው ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ ተመልካቹ ቢሰለችም አይራራለትም። የፊልሙ ትልቁ ኃይል በዚህ ትዕግሥት ላይ ነው፤ ጭቆናን በንግግር ከማስረዳት ይልቅ በጊዜ ርዝመት አሳይቷልና።

የታሪኩ ቅራኔ ግልጽ ነው። ጨቋኙ መልክና ድምፅ አለው፤ መቀመጫውም የት እንደሆነ ይታወቃል። ስለዚህ ዕብድ እየተባለ የሚናቀው ከበበ ባላባቱን በገደለ ጊዜ ተመልካቹ የዘመናት ዕዳ የተከፈለ ያህል ይሰማዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ በገዛ ገበሬዎቻቸው ሲማረኩ አንባቢ የሚያገኘው እርካታም፣ ምንም እንኳ ሳቅ ቢቀላቀልበት፣ ከዚሁ የራቀ አይደለም።

የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ባደረገ ጊዜ ያ ወንበር በሕግ ተነሣ። ችግሩ ብዙዎቹ ደራስያንና የተውኔት ሰዎች ከዚያ ወዲህ የመጣውን የኑሮ ልዩነት ዛሬም በዚያው ወንበር አምሳል ለመሣል መሞከራቸው ነው።

በፊልሙ ፍጻሜ ልጁ በጭነት መኪና ተንጠልጥሎ ከመንደሩ ይርቃል። ከተማ ማለት የሚኬድበት ሩቅ ስፍራ ነበር። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በጅማ መንገድ፣ በአምቦ መንገድ፣ እንጦጦንም ተሻግሮ በጎጃም መንገድ፣ አዲስ አበባ ራሷ ወደ ልጁ መጣች። የመጣችውም በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በአበባ እርሻ፣ በመጋዘንና በመኖሪያ ቤት ነው። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተብለዋል።

በ1997 የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን በቋሚነት ለሚለቅ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው ደነገገ፤ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ብዜቱን ወደ 15 ከፍ አደረገው። ስሌቱ መሬቱ የሚያበቅለውን እንጂ መሬቱን ራሱን አይተምንም፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነውና። ያው መሬት በሊዝ ሲተላለፍ ግን ዋጋ ያወጣል። በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት አንድ ረጅም ልብ ወለድ ይወጣዋል። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006ና በ2008 ያስነሣው ተቃውሞ፣ የብዙ ሰው ሕይወትም ያለፈበት፣ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ከዚሁ ርቀት የመነጨ ነበር። ዕቅዱ በ2008 ቢሰረዝም ለጥበብ ያቀረበው ጥያቄ አብሮ አልተሰረዘም።

የዚህ ታሪክ ባላባት ማን ነው? ካሳ የከፈለው ሹም ደመወዝተኛ ነው፤ ነገ ይዛወራል። ባለሀብቱን ከአጥሩ ውጭ ያየው ሰው ጥቂት ነው። ደላላው ክፉ ሰው ሆኖ ቢቀርብ ለመድረክ ይመቻል፤ ዳሩ ግን እርሱም ብዙ ጊዜ ማሳ ያልደረሰው የገበሬ ልጅ ነው። ከደላላው ቁራሽ መሬት ገዝቶ በሌሊት የጨረቃ ቤት የሚያቆመው ደግሞ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ያባረረው አስተማሪ ወይም ዝቅተኛ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ አፍራሽ ግብረ ኃይል በመጣ ጊዜ ሁለተኛው ተፈናቃይ እርሱ ነው። በካሳው ገንዘብ ባጃጅ ገዝቶ ያከሰረና በቀድሞ ማሳው ላይ በቆመው ፋብሪካ በር ዘበኛ ሆኖ የተቀጠረ አባወራ ዱላውን አንሥቶ በማን ላይ ይሰንዝረው? የከበበ መፍትሔ እዚህ አይሠራም።

በቴሌቪዥን ድራማ በብዛት የሚታየው ገበሬ ግን ገና ከአውቶብስ ወርዶ በፎቅ የሚደነግጥ የሳቅ መፍጠሪያ ነው። የሱሉልታ ገበሬ በፎቅ አይደነግጥም፤ ፎቁ ሲሠራ ድንጋዩን ያቀበለ እርሱ ነው። ደግሞም በአብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። በጽሑፍ ሲመጣ ግን ወይ የጎጃም አማርኛ ይሰጡታል፣ ወይ አንደበቱን ለማላገጫ ያጣምሙበታል። ሁለቱም የስንፍና ሥራ ነው።

ከኃይሌ ገሪማ ፊልም የሚወሰደው እንግዲህ ባላባቱ አይደለም፤ ትዕግሥቱ ነው። ያ ካሜራ ዛሬ ሰበታ ላይ ቢተከል፣ በሥራ ፈረቃ መለዋወጫ ሰዓት ከፋብሪካው በር የምትወጣውን ከደቡብ የመጣች ወጣት ተከትሎ በጭቃው መንገድ እስከ ማደሪያዋ ድረስ ይሄድ ነበር። ማደሪያዋ በአንድ ግቢ ከተደረደሩት የቆርቆሮ ክፍሎች አንዱ ነው። ደመወዟ ገና ሳይደርስ አከራይዋ ኪራይ ሊጠይቃት በሩን ያንኳኳል። አከራዩ የፋብሪካው በር ዘበኛ፣ የቀድሞው የማሳው ባለቤት ነው፤ ክፍሎቹን የሠራው ከካሳው በተረፈችው ገንዘብ ነው። አያቱ ጭሰኛ ነበሩ። እርሱ ያለ ኪራይ ወሩን አይገፋም፤ እርስዋም ከከፈለች ለእናትዋ የምትልከው አይተርፋትም። ክርክሩም ለሁለቱም አፍ መፍቻ ባልሆነ አማርኛ ይካሄዳል።