በሀዋሳ ስለሚደረጉት የሮቦት ንግግሮች ጥቂት አስተያየት

በከተማችን በሀዋሳ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ስለ ሮቦት ንግግር ለመስማትና የሠሩትንም ለማሳየት ሲሰበሰቡ፣ እኛም አንዳንድ ጊዜ ተገኝተን ለማየት ችለናል። ትጋታቸው የሚያስመሰግን መሆኑን አስቀድመን እንናገራለን፤ ጊዜያቸውን ሠውተው፣ ከኪሳቸውም አዋጥተው የሚያዘጋጁት ነውና። ነገር ግን ለምስጋና ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን መጻፍ ባላስፈለገን ነበር።

በቅርቡ በተገኘንበት ስብሰባ የመጀመሪያው ተናጋሪ የጀመረው ከቃሉ ታሪክ ነው። ሮቦት የሚለው ስም ለዓለም የተዋወቀው የቼኩ ደራሲ ካሬል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ተውኔት ሲሆን፣ ምንጩም ጭሰኛ ለባለርስቱ በግድ የሚሠራውን ሥራ የሚያመለክተው «ሮቦታ» የተባለው ቃል ነው። ተናጋሪው ይህን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት አሥር ደቂቃ ያህል ደከመ። «ሁዳድ» ቢል ኖሮ አያቱ የባላባት ሁዳድ ያረሰ ተማሪ ሁሉ ወዲያው በገባው ነበር። እኛ እንግሊዝኛን የምንነቅፍ አይደለንም፤ የምንማርበት ቋንቋ ነው። ነገር ግን ሰሚው በልቡ ያለውን ጥያቄ በዚያ ቋንቋ ለመጠየቅ የሚያፍር ከሆነ፣ ስብሰባው ከጉባዔነት ወደ ትርዒትነት ይለወጣል።

ሁለተኛው ንግግር ስለ ሶፊያ ነበረ። ይህች በሆንግ ኮንግ በሐንሰን ሮቦቲክስ የተሠራች ሰው መሰል ሮቦት በ2010 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ መጥታ እንደ ነበረ፣ በሶፍትዌሯም ሥራ የአይኮግ ላብስ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች እንደ ተካፈሉበት ይታወቃል። ያን ጊዜ ከአካሏ ክፍሎች አንዳንዶቹ የነበሩበት ሻንጣ በፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ መጥፋቱም ተነግሮ ነበር። ተናጋሪው ስለ ሻንጣው ሲያወራ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ እኛም አብረን ሳቅን። ዳሩ ግን ሶፊያ ከምትናገረው ውስጥ አስቀድሞ የተጻፈላት የትኛው ነው? በመሣሪያው ተሰልቶ የሚወጣውስ የትኛው ነው? ይህን ተናጋሪው አላነሣውም፤ የጠየቀውም ሰው አልነበረም። ጭብጨባው ደማቅ ነበረ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነን ግን ሦስተኛው ነው። አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በወለሉ ላይ የተለጠፈውን ጥቁር መስመር እየተከተለች የምትሄድ ትንሽ መኪና ሠርቶ አቀረበ። መኪናይቱ ሁለት ጊዜ ደኅና ዞረች። በሦስተኛው ዙር ከመስኮት የገባው የፀሐይ ብርሃን ወለሉ ላይ ካረፈበት ቦታ ስትደርስ መስመሩን ስታ ወደ ወንበሮቹ ገባች። ወጣቱ ይቅርታ ጠይቆ አነሣት፤ የስብሰባው መሪም «ጊዜ የለንም» ብሎ ወደ ምስክር ወረቀት እደላው አለፈ።

እንደ እኛ አስተያየት ከዚያ ቀን ትምህርት ሁሉ የሚበልጠው በዚያች ቅጽበት ነበረ። መኪናይቱ ኢንፍራሬድ የሚባለውን በዓይን የማይታይ ብርሃን ወደ ታች ትልካለች፤ ነጩ ወለል ሲመልሰው ጥቁሩ መስመር ግን ውጦ ያስቀረዋል፤ በዚህም መንገዷን ትለያለች። የፀሐይ ብርሃን ደግሞ ይኸው ኢንፍራሬድ በብዛት ስላለበት ዓይኗን ያሳስተዋል። መጋረጃውን ስቦ እንደ ገና መሞከር ምን ያህል ጊዜ ይፈጅ ነበር? በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር ጓደኞቹ እየሰሙ ይታረማል፤ ከእርማቱም የሚጠቀመው እርሱ ብቻ አይደለም። በእኛ አዳራሽ ግን ስሕተት እንደ ነውር ተሸፈነ።

አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከጎናችን ተቀምጣ ነበር። እኅቷ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. በተመረቀው በሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች። «ሮቦት የእኅቴን ሥራ ይወስድባት ይሆን?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችን። «ተነሥተሽ ጠይቂ» ብንላት በእንግሊዝኛ እንዴት እንደምትለው አሰበች፤ እስክታስብም ስብሰባው ተፈጸመ። ጥያቄዋ ግን ከሦስቱም ንግግሮች የከበደ ነው። ብረት ባለበት ይቆያል፤ ጨርቅ ግን ይታጠፋል፣ ይሳባል፣ ይጨማደዳል፤ ስለዚህ የመኪና አካል መበየድ ለሮቦት ከቀለለ ብዙ ዘመን ሲሆነው የሸሚዝ እጅጌ መግጠም እስከ ዛሬ ያስቸግረዋል። ይህ ችግር እስከ መቼ ይቆያል? በዚህች ከተማ በስፌት ለሚኖሩት በሺህ ለሚቆጠሩ ሴቶች ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው። በተማሪዎቹ ስብሰባ ግን እስካሁን ሲነሣ አልሰማንም።

ከስብሰባው በኋላ ሻይ ቤት ውስጥ ያን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አገኘነው። መኪናይቱን ከካርቶን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧታል። ከሲጋራ ፓኮ የቆረጠውን ጥቁር ወረቀት በዓይኗ ዙሪያ እንደ ጥላ አልብሷት ነበረ። በረንዳው ላይ ፀሐይ ባለበት ቦታ ጥቁር ፕላስተር ለጥፎ ለቀቃት፤ ሳትስት ሄደች። ያየነው አራት ሰዎችና አስተናጋጁ ብቻ ነን።