ከዋጋው በፊት

ቤት ሊሸጡ ቢሮዬ የሚመጡ አዛውንቶች መጀመሪያ የሚጠይቁት «መንግሥት ስንት ይወስዳል?» ብለው ነው። እኔም መልሼ «አባባ፣ ቤቱ በማን ገንዘብ ተሠራ?» እላለሁ። በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በሺንሺቾ ለሚሠራ ጠበቃ አንቀጽ ከማወቅ ይልቅ ጥያቄውን በቅደም ተከተል መጠየቅ ይከብዳል።

በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ብዙ ቤት የቆመው ደቡብ አፍሪካ ያሉ ልጆች በላኩት ገንዘብ ነው፤ ካርታው ግን በአባት ስም ይወጣል። ልጁ ገንዘቡን ሲልክ ስጦታ ይሁን አደራ አይጽፍም። አባት ይህን ሳይለዩ ካረፉ ላኪው «የኔ ነው» ይላል፤ እህት ወንድሞቹም የውርስ ድርሻ ይጠይቃሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ልጆችን እኩል ወራሽ ያደርጋል፤ ካርታው ላይ ያለው ስምም የሚረዳው እነሱን ነው። ስለዚህ ከሽያጭ ውል በፊት የቤተሰብ ስምምነት እንዲጻፍ እመክራለሁ። ለዚህ መስከረም ይመቻል፤ ለያሆዴና ለመሳላ በዓላት ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ ባሕር ማዶ ያለውም በስልክ ይገባል።

ቀጥሎ የምጠይቀው መሸጥ ለምን እንዳስፈለገ ነው። አንዳንዱ የሚፈልገው ቤቱን ለልጁ ማስተላለፍ ብቻ ሆኖ ሳለ የይስሙላ ሽያጭ ያስባል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፤ የሚሸጠው ቤቱ ነው። የሊዝ አዋጅ 721/2004 ደግሞ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ ይደነግጋል። ገዢ ይህን ከዋጋው ላይ ያስባል። ወራሽ ግን ይህ አይደርስበትም፤ በአገራችንም ራሱን የቻለ የውርስ ግብር የለም።

በእውነት መሸጥ ካስፈለገ ያኔ ወደ ግብሩ እንመጣለን። በአዋጅ 979/2008 የተጣለው 15 በመቶ የሚሰላው ከትርፉ እንጂ ከጠቅላላ ዋጋው አይደለም። ለግንባታና ለማሻሻያ የወጣው ወጪ ይቀነሳል፤ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ደረሰኝ የጣለ ሰው ግን ወጪውን ማስረዳት ይቸግረዋል። ከሽያጩ በፊት ለሁለት ዓመት ሙሉ በሙሉ መኖሪያ የነበረ ቤት ከዚህ ግብር ነጻ ነው። መንገድ ዳር ያለውን ክፍል ለሱቅ ያከራዩ ባለቤት ግን ይህን ነጻነት ሊያጡ ይችላሉ። ለዚህ ነው ሊሸጡ ያሰቡ ሰዎች ገዢ ከመፈለጋቸው ሁለት ዓመት አስቀድመው ቢያማክሩኝ የምመኘው።

ፊርማም የራሱ ጣጣ አለው። የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ባልና ሚስት ስምምነት አይሸጥም። ውጭ ያለ ልጅ ጠቅላላ ውክልና ቢልክ ለሽያጭ አይበቃም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ወካዩ ሲሞትም ውክልናው ያበቃል። ኑዛዜ ላይ ደግሞ አባባና እማማ በአንድ ወረቀት መናዘዝ ይወዳሉ፤ ፍቅራቸውን ያሳያል፣ ሕጉ ግን ዋጋ አይሰጠውም። ለየብቻ መጻፍ አለባቸው። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ በራስ እጅ የተጻፈውም በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል።

ስለ ልጆቻቸው ሲያስቡ ራሳቸውን የሚረሱ ወላጆችም አሉ፤ ሁሉንም አከፋፍለው በእንግድነት ያረጃሉ። ቤቱን ለልጅ መስጠት ካስፈለገ እስከ ዕለተ ሞት የመኖርና ኪራዩን የመሰብሰብ መብት፣ ሕጉ አላባ የሚለውን፣ በስጦታው ውል ላይ አስቀርተው ያስመዝግቡ። ልጆች በዚህ ቅር ቢላቸው፣ ቅሬታው ወላጆች በሕይወት ሳሉ ቢነገር ይሻላል።