ቦይ ድምፅ አይመልስም

ወደፊት መንዳትን ሁሉም ይለምደዋል። ሹፌር የሚለየው የኋላ ማርሽ ሲያስገባ ነው። የጎጃሟን ይጁቤን በገበያ ቀን የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል። ከደብረ ማርቆስ የመጣ ሚኒባስ ተሳፋሪውን ካራገፈ በኋላ የኋሊት ገብቶ፣ አፍንጫውን ወደ መውጫው አድርጎ ተራውን መጠበቅ አለበት። ከኋላው ክዳን የሌለው የጎርፍ ቦይ አለ። በግራው ባጃጆች ቆመዋል፤ ተደርድረዋል ለማለት ግን ያስቸግራል። በቀኙ ጭድ የተጫነች አህያ አለች፤ ባለቤቷ በዋጋ እየተከራከረ ስለሆነ ለክላክስ ዞር አይልም።

«ምናለ በፊቱ ቢገባ?» የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም። መሪው የሚያዝዘው የፊት ጎማዎችን ብቻ ነው፤ የኋላዎቹ የተጎተቱበትን ይከተላሉ። በጠባብ ቦታ በፊት ልግባ ያለ ሹፌር የኋላ ጎማው ውስጥ ውስጡን ይቆርጥበትና ጠርዝ ላይ ይወጣበታል፣ ወይም በጎኑ የጎረቤቱን ፓራውልት ይፍቃል። የኋላ ጎማዎቹ ቀድመው ቦታቸውን ከያዙ ግን ፊቱን ወዲያና ወዲህ እየሰበሩ ማስተካከል ቀላል ነው። ባትሪ የደከመበት ሹፌር ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው፤ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ ካላደረ ጠዋት ሰው ለምኖ ማስገፋቱ ነው። (የባለ ተሳቢዎቹን ነገር አላነሳም። ሁለት መገጣጠሚያ ያለው ተሳቢ የኋሊት ሲገፋ የመሪው ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ይገለበጣል። እሱን ሳያጣጥፍ የሚያስገባ ሰው ሳገኝ ሥራዬን ትቼ ቆሜ ነው የማየው።)

ይህን ሁሉ ሹፌር ብቻውን አይሠራውም፤ ረዳት አለው። ጥሩ ረዳት ከመኪናው ኋላ በቀጥታ አይቆምም፤ የሚቆመው በግራ ስፖኪዮ ውስጥ ከእግሩ እስከ ራሱ በሚታይበት ቦታ ነው። አዲስ ልጅ ሲቀጠር መጀመሪያ የምነግረው «ካላየሁህ የለህም» ብዬ ነው። ከስፖኪዮዬ ከጠፋ ፍሬን እይዛለሁ፤ ተመልሶ እስካየው ድረስ አልነቃነቅም። ቀጥሎ ጥሪው ይመጣል፤ «ና፣ ና፣ ና... አለህ፣ አለህ... ቀኝ ስበር... ሙሉ ስበር... መልስ... አቅና... በቃ!» ሌላ ጊዜ አንቱ የሚለኝ ልጅ እዚህ ላይ አንተ ይለኛል፤ እኔም ቅር አይለኝም፣ ለ«ይምጡ» ጊዜ የለም። ጆሮዬ የሚከተለው ከቃሉ ይልቅ አጠራሩን ነው። «አለህ» ቶሎ ቶሎ ከተባለ ቦታው ሰፊ ነው፤ እየተጎተተ ከመጣ አንድ ክንድ ያህል ነው የቀረኝ። ድምፁ በጫጫታው ከተዋጠ የመኪናውን ጎን በመዳፉ ይመታል። በእኔና በልጁ ውል አንድ ምት ቁም ነው፣ ሁለት ምት ቀጥል።

ችግሩ በገበያ ቀን ሰው ሁሉ ረዳት መሆኑ ነው። አንዱ «ና!» ሲል ሌላው «ኧረ ቁም!» ይላል፤ ጥላ ያንጠለጠሉ አባት ደግሞ በከዘራቸው ወደማላውቀው አቅጣጫ ያሳዩኛል። ከዚያ ሁሉ ጩኸት የአንዱን ልጅ ድምፅ ብቻ ለይቶ መስማት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «ና፣ ና፣ ና» ብሎ ከግድግዳ ካላተመ በኋላ «በቃ» ያለውን ረዳት ቀልድ ያልሰማ ሹፌር የለም። ሁላችንም የምንስቀው አንድ ቀን ስለደረሰብን ነው።

አሁን መኪናው ራሱ ረዳት ይዞ እየመጣ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2003 ጃፓን ውስጥ መሪውን ራሱ እያዞረ የሚቆም ፕሪየስ ለገበያ አቀረበ፤ ፍሬኑ ግን ከሹፌሩ እግር ሥር ነበር። ዛሬ ፍጥነቱንም፣ ፍሬኑንም፣ ማርሹንም ራሱ የሚሠራ አለ። ሹፌሩ ወርዶ ከውጭ በስልኩ የሚያስገባውም አለ። እንዲህ ያለው መኪና አገራችን ውስጥ እየበዛ የሄደው፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ከኤሌክትሪክ መኪኖች ጋር ነው።

አዲስ አበባ የሚኖር የይጁቤ ልጅ ከነዚህ አንዱን ገዝቶ እንዳለማምደው ጠራኝ። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ስለነበር ስክሪኑ በቻይንኛ ነው፤ ውስጡ ያለችው ሴትዮም በቻይንኛ ነው የምታዝዘው። እኔ አለማምደዋለሁ ብዬ ሄጄ እሱ እኔን አለማመደኝ። ሰኔ 2013 ዓ.ም. ወደተመረቀው የመስቀል አደባባይ ይዞኝ ሄደ። ከአደባባዩ ሥር ያለው ማቆሚያ 1,400 ያህል መኪና እንዲይዝ የተሠራ ነው። ወለሉ ልሙጥ፣ መብራቱ ደህና፣ መስመሩ የተቀባ ነው። ቀስ ብለን ስናልፍ ስክሪኑ ክፍት ቦታ አገኘና የ«ፒ» ምልክት አወጣ። «ጋሼ፣ እጅዎን ይልቀቁት» አለኝ። ለቀቅኩት። መሪው ያለ ሰው እጅ ሲሽከረከር ማየት መጀመሪያ ላይ ደስ አይልም፤ እግሬ ሳላዝዘው ፍሬኑን ፈልጓል። መኪናው ግን በሁለቱ መስመሮች መካከል ልክክ ብሎ ገባ። አንዴም ወጥቶ አልተመለሰም። እኔ ብሆን አንድ ጊዜ ወጥቼ አስተካክል ነበር።

ይህ የእኔ አድናቆት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር ትሪፕል ኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ራሳቸውን የሚያቆሙ አምስት መኪኖችን ፈትኖ ነበር። በዘዴው ያቆሙት ሹፌሮች በስፖኪዮና በካሜራ ካቆሙት ይልቅ ጠርዝ የመቱት በ81 በመቶ ያነሰ ጊዜ ነው፤ ወጣ ገባ ማለቱም በ47 በመቶ ቀንሷል። በዚያው ሰሞን ሰው ሲጠየቅ ግን ከ4 አሜሪካውያን ሹፌሮች ዘዴውን አምናለሁ ያለው 1ዱ ብቻ ነበር። ሹፌር የትም አገር ሹፌር ነው።

የመኪናው ጆሮ ፓራውልቱ ላይ የተሰኩት እንደ ቁልፍ የተደረደሩ ክብ ሴንሰሮች ናቸው። የሰው ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ይልካሉ። ድምፁ ነገር መትቶ ሲመለስ የፈጀበትን ጊዜ ለክተው ርቀቱን ያሰላሉ። አንድ ሜትር ላይ ካለ ግድግዳ ድርሶ መልሱ ከሰከንድ አንድ መቶኛ እንኳ ያንሳል። ሲቀርብ «ጢጥ ጢጥ» የሚለው ይፈጥናል፤ ሠላሳ ሳንቲም አካባቢ ሲደርስ ሳይቋረጥ ይጮኻል። ረዳቴ ቦታው ሲጠብ የሚጎትተውን ጥሪ ማሽኑ ያፈጥነዋል፤ ጆሮዬ ይህን ለመልመድ ጊዜ ወስዶበታል።

ለፋሲካ ያው ልጅ መኪናውን ይዞ ይጁቤ መጣ። ገበያው አጠገብ በሁለት ባጃጆች መካከል ስክሪኑ ያንኑ የ«ፒ» ምልክት አወጣ። ባዶ ቦታ ብሎ ያገኘው ቦዩን ጨምሮ ነው። ረዳቴ ወርዶ ቦዩ አፋፍ ላይ ቆሞ ነበርና ገና መሪው መዞር ሲጀምር «በቃ! በቃ!» ብሎ ጎኑን ደበደበው፤ ባለቤቱም ፍሬን ያዘ። የሴንሰሩን ሥራ ላሰበው ሰው ይህ አያስገርምም። ድምፅ የሚመለሰው ከቆመ ነገር ነው። ወደ ታች ከተቆፈረ ነገር ምንም አይመለስም፣ ምንም ካልተመለሰ ደግሞ ለማሽኑ መንገዱ ክፍት ነው። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች አደጋቸው ግድግዳ፣ ምሰሶና የሰው መኪና ነው። የእኛ አብዛኛው አደጋ ከመሬት በታች ነው።

ከዚያ ወዲህ አጠገቤ የቆመውን ሁሉ በሴንሰሩ ጆሮ ማየት ጀመርኩ። ለስላሳ ነገር ድምፅ ይውጣል፤ የመኪኖቹ መመሪያ መጻሕፍትም ድምፅ የሚመጥ ልብስ የለበሰ ሰው ላይታይ ይችላል ብለው ያስጠነቅቃሉ። የጎጃም ብርድ በማለዳ የሚያስለብሰውን ድርብ ጋቢ ያየ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚያስብ አላውቅም፤ እኔ ግን ያሰብኩት እጥፍ ጋቢ ለብሰው ከመኪና ኋላ ቆመው ሰላምታ የሚለዋወጡትን ሽማግሌዎች ነው። የጭድ ሸክምም ያው ነው። ክረምት ሲገባ ዋልካው ሴንሰሩ ላይ ይለጠፍና ወይ ሳያቋርጥ ያስጮኸዋል ወይ ጭራሽ ዝም ያሰኘዋል። መስመር በሌለበት ቦታ ደግሞ ማሽኑ ልኩን የሚወስደው አጠገቡ ከቆሙት መኪኖች ስለሆነ፣ ጎረቤቱ ጠሞ ከቆመ እሱም ጠሞ ይቆማል። ባጃጅ አጠገብ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያቅትም።

ይህን ማለቴ ማሽኑን ለመናቅ አይደለም። እንዲያውም አንዱን ክፍሉን ነገ ቢሰጡኝ በደስታ እገጥመዋለሁ፤ የኋላ ካሜራውን። አሜሪካ ውስጥ ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖረው ግዴታ ነው። ሕጉ የሚጠራው የ2 ዓመት ሕፃን በነበረው በካሜሮን ጉልብራንሰን ስም ነው። ሕፃኑን ሳያየው የኋሊት የገጨው የገዛ አባቱ ነበር። ሚኒባስ ከኋላው አንድ ትልቅ ዕውር ቦታ አለው፤ ከመስታወቱ በታች ያለ ሕፃን በየትኛውም ስፖኪዮ አይታይም። ረዳቴም በአንድ ጎን ከቆመ ሌላው ጎን ይሸፈንበታል። ካሜራው ያን ያያል፤ ቦዩንም ያያል፣ ጋቢውንም ያያል፣ ከዚያ መወሰኑን ለእኔ ይተውልኛል። መሪውን ራሱ የሚያዞረውን ግን መስመር ላለበት ከተማ ልተውለት። ደግሞም ያው መመሪያ መጽሐፍ ኃላፊነቱ የአሽከርካሪው ነው ይላል። ፓራውልት ሲሰበር ትራፊክ ፖሊሱ የሚጠይቀው የእኔን መንጃ ፈቃድ ነው።

የፋሲካው እንግዳ ሊመለስ ሲል ረዳቴን ለክረምቱ ልውሰደው ብሎ ቀልዶ ነበር። ልጁ ግን ቀልዱን ቁም ነገር አድርጎ ስለ ደመወዝ ጠየቀው። አልተስማሙም። መኪናውን ሲያወጣ ግን ልጁ በግራ ስፖኪዮው ቆሞ «ቀኝ ስበር» አለው፤ ከውስጥ ያለችውም ሴትዮ በቻይንኛ አንድ ነገር ተናገረች። ባለቤቱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ የማንን ልስማ ብሎ ጠየቀን። የልጁን ስማ አልነው፤ ልጁ ቦዩን ያውቀዋል።