የቁሌት ድምፅ

ድስቱ ውስጥ ዘይት የለም፤ ቅቤም የለም። ሽንኩርቱ ብቻውን ነው። የጓደኛዬ እናት በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸርጠው፣ ማማሰያውን በቀኝ እጃቸው ይዘዋል፤ ወደ ድስቱ ግን አያዩም። በማድ ቤቱ በር በኩል የእንጅባራን ዝናብ እያዩ ከጎረቤታቸው ጋር በአዊኛ ያወራሉ። መጀመሪያ ቸልታ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳስተውል ለካ በጆሯቸው ነው የሚያበስሉት። ሽንኩርቱ ርጥበት እስካለው ድረስ ድስቱ ዝግ ብሎ ያጉረመርማል። ርጥበቱ ሲያልቅ ድምፁ ይቀጥንና ቸስ ቸስ ማለት ይጀምራል። ያን ጊዜ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ግራ እጃቸው ከጎናቸው ካለው ጣሳ ለብ ያለ ውሃ ጨለፍ ያደርግና ረጨት ያደርጋል፤ ሁለት ማንኪያ ቢሞላ ነው። ድስቱ ይረጋጋል። ወሬው ይቀጥላል።

ይህ ከአርባ ደቂቃ በላይ ቆየ። ስንቴ ውሃ እንደረጩ ልቆጥር ሞክሬ አሥራ አንድ ላይ ጠፋኝ።

የዚያን ዕለት የሚሠራው ሩዝ ነበር። እንጅባራ የገብስ፣ የስንዴና የድንች አገር ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ደጋው ላይ የተቀመጠ ከተማ። ሩዝ እዚያ እንግዳ ነው። ከባሕር ዳር ወዲያ ማዶ፣ ከፎገራ ሜዳ ይመጣል። ፎገራም ራሱ ከሩዝ ጋር የተዋወቀው በ1970ዎቹ ነው። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ክረምት ክረምት ውሃ የሚተኛበትን ያንን ረባዳ አይተው ዘሩን ሞከሩት፤ ገበሬው ወሰደው፤ ዛሬ ወረታ ከተማ የሩዝ መፈልፈያ ድምፅ የማይለያት ሆናለች፤ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ነው። ገበሬው ዘንድ ስሙ የገነነው ዝርያ ኤክስ ጂግና ይባላል። የጓደኛዬ እናት ስሙን አያውቁትም። «የፎገራው» ብቻ ነው የሚሉት። ፍሬው ግን አጠር፣ ደልደል ያለ፣ ሲበስል እርስ በርሱ የሚያያዝ ነው። በፕላስቲክ ታሽጎ ከውጭ የሚመጣውን ረጅምና ቀጭን ሩዝ «ይሄ መርፌ ነው፤ አንዱ ካንዱ አይነጋገርም» ብለው ይንቁታል።

ወደ ሽንኩርቱ ልመለስ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነውና።

መክተፊያ እንጨት ቤቱ ውስጥ አለ፤ አይነኩትም። ሽንኩርቱን በግራ መዳፋቸው ይይዙና ፊቱን በቢላ ደጋግመው ይመቱታል፤ መጀመሪያ በቁመት፣ ቀጥሎ መዳፋቸውን ዞር አድርገው በአግድም። ቢላዋው ሽንኩርቱ ውስጥ የሚገባው የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ብቻ ነው። ፊቱ እንደ መረብ ከተሰነጣጠቀ በኋላ ከላይ በስሱ ይሸልቱታል፤ ጥራጥሬ የሚያካክል ሽንኩርት እንደ በረዶ ሳህኑ ላይ ይዘንባል። እንደገና ይመታል፣ እንደገና ይሸለታል። ይህን የእናቴም እጅ ያውቀዋል፤ የአብዛኛዋ ኢትዮጵያዊት እናት እጅ ያውቀዋል። እሳቸው ዘንድ ያየሁት ልዩነት መጠኑ ነው። አንድ ቁራጭ እንኳ ከሩዙ ፍሬ አይበልጥም። ሳህኑን በጣቴ ፈተሽኩት፤ አንድ ተለቅ ያለ ባገኝና ብረታ ብዬ ነበር። አላገኘሁም።

ሽንኩርቱም ሁለት ዓይነት ነው። ትልቁ ቀይ ሽንኩርት ለብዛቱና ለጣፋጭነቱ፤ ትንሹ የሐበሻ ሽንኩርት ለጉልበቱ። ስድስት ትልልቅና ሁለት እፍኝ የሐበሻ። ለሁለት ሲኒ ሩዝ ይህ ሁሉ ሽንኩርት ምን ሊሠራ ነው ብዬ ጠየቅኩ።

«ቆይ ልጄ፣ ታየዋለህ። ሽንኩርት ትዕቢተኛ ነው፤ ሲቆይ ይዋረዳል።»

ከአሥሩ እጅ ዘጠኙ ውሃ ስለሆነ መዋረዱ እርግጥ ነው። ድስት ሙሉ የነበረው ታችኛው ወለል ላይ ወርዶ ስስ ምንጣፍ ሆነ። ዘይት መጀመሪያ የማይገባበት ምክንያት እዚህ ላይ ይገባል። ዘይት የገባበት ሽንኩርት ውጩ ቶሎ ይጠበሳል፣ ይጠነክራል፤ ኋላ ቢያበስሉት የልጣጭ ያህል ጥርስ ውስጥ ይቀራል። በደረቁ የተቁላላ ግን ከውስጥ ጀምሮ ይፈርሳል። ዐይን የሚያስለቅሰው ብርታቱ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል፤ ስኳሩ ይቀራል፤ የቀረው ስኳር ከድስቱ ወለል ጋር ተያይዞ ሊያር ሲል ጠብታ ውሃ ይደርስለትና ቀለሙን ይዞ ተመልሶ ይሟሟል። እያንዳንዷ የውሃ ርጭት ከወለሉ ላይ አንድ ስስ ቡናማ ሽፋን ታነሣለች። አሥራ አንድ ጊዜ፣ ወይም ከዚያ በላይ። መጨረሻ ላይ ሽንኩርቱ ሽንኩርት መሆኑ ቀርቶ የማር መልክ ያለው ልስልስ ነገር ሆነ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የገቡት ያኔ ነው፤ ቶሎ ስለሚያሩና ስለሚመሩ ቀድመው አይገቡም። ከዚያ እርድ፣ በቢላዋ ጫፍ። በርበሬ የለም፤ ይህ አልጫ ነው።

እሳቱም የራሱ ሥራ አለው። እንጅባራ ባለችበት በአዊ ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ አለ፤ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘመድ ነው። ፋግታ ለኮማና ባንጃ ውስጥ ገበሬው መጀመሪያ ዓመት ከጤፍ ጋር አብሮ ይተክለዋል፣ አራት አምስት ዓመት ጠብቆ ይቆርጠዋል፣ ከሰል ያወጣዋል፤ ከሰሉ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። አዲስ አበባ በውድ የምንገዛው ከሰል እዚህ ከደጃፍ ነው የሚገኘው። እሳቸው ግን ደጃፍ ያለ ነገር ብለው አያባክኑትም። ፍሙ ሲበረታ አመድ ያለብሱታል፣ ሲደክም በትንሽ እንጨት ጫር ያደርጉታል። የጋዝ ምድጃ ላይ ቁልፍ በማዞር የምናደርገውን እሳቸው በአመድ ያደርጉታል፤ እውነቱን ለመናገር ከእኔ ቁልፍ የእሳቸው አመድ ይበልጥ ይታዘዛል።

ጣሊያኖች ሪዞቶ የሚሉት ምግብ አላቸው። ከሚላኖ አካባቢ፣ ከፖ ወንዝ ሜዳ የወጣ ነው፤ ሩዙም እንደ ፎገራው አጭርና ድቡልቡል ነው፣ አንዱ ዝርያ አርቦሪዮ ይባላል። ሽንኩርት በቅቤ ያለሰልሳሉ፣ ሩዙን ደረቁን እዚያው ላይ ያምሳሉ፣ ከዚያ ትኩስ መረቅ በጭልፋ በጭልፋ፣ ፊተኛው ሲመጠጥ ኋለኛውን እየጨመሩ ያማስላሉ። የጓደኛዬ እናት ይህን ስም ሰምተውት አያውቁም። የሚገርመኝ ነገር አለ። የጣሊያን ጦር በወረራው ዘመን ዳንግላ ላይም እንጅባራ ላይም ሰፍሮ ነበር፤ የወጣው በ1933 ዓ.ም ነው። ከጣሊያን የመጣው ፓስታና መኮረኒ ዛሬ የሠርግ ቤት ድረስ ገብቷል። ሪዞቶ ግን አዲስ አበባ ያሉ የጣሊያን ምግብ ቤቶች ውስጥ ቀረ፤ ወደ ቤት አልገባም። ምናልባት ሩዙ ስላልነበረ ይሆናል፤ የፎገራው የደረሰው ጣሊያን ከወጣ አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። እጁ ግን ነበር። ጠብታ በጠብታ ውሃ እየሰጡ ማብሰልን ማንም ከውጭ አላስተማረንም፤ ቁሌት ማለት ይኸው ነው። እሳቸው ያደረጉት የቁሌቱን ሕግ ከሽንኩርቱ ወደ ሩዙ ማሻገር ነው።

ሩዙን ሰፌድ ላይ አፍስሰው ለቀሙት። ከዚያ ያጠቡታል ብዬ ስጠብቅ አንድ ጊዜ ብቻ አለቅልቀው አጠለሉት። እኔ አዲስ አበባ ውሃው ኩልል እስኪል አምስት ስድስት ጊዜ ነው የማጥበው፤ እንደዚያ ነው የተማርኩት። ነገርኳቸው።

«ታዲያ ወዙን ሁሉ ለጉድጓድ ሰጥተህ አንተ ምን ትበላለህ?»

ነጭ ሆኖ የሚደፋው ውሃ የሩዙ ስታርች ነው፤ ድስት ውስጥ ከመረቁ ጋር ተገናኝቶ ምግቡን የሚያወፍረው፣ የሚያወዛው እሱ ነው። ፍሬው ተነጣጥሎ እንዲቆም ለሚፈለግ ሩዝ መታጠቡ ልክ ነው። ለዚህኛው ግን ጥፋት ነው። የጣሊያን ወጥ ቤቶችም ለሪዞቶ ሩዝ አያጥቡም።

ከጎን ባለው ሁለተኛ ማንደጃ ላይ የበግ አጥንት መረቅ በዝግታ እየተንተከተከ ነበር። ቁሌቱ ላይ አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ገባ፤ ሩዙ ተከተለ፤ ፍሬው ጠርዝ ጠርዙ ብርጭቆ እስኪመስል ድረስ ደረቁን ታመሰ። ከዚያ የመጀመሪያው ጭልፋ። ዓርብና ረቡዕ ሲሆን የኑግ ዘይትና የድንች ቅቅል ውሃ ነው የሚጠቀሙት፤ ያኛውንም ሌላ ጊዜ ቀምሼዋለሁ፣ ከፍስኩ ብዙም አያንስም። መረቁ ለምን እሳት ላይ እንደሚቆይ ስጠይቅ «ቀዝቃዛ ውሃ ድስት ያስደነግጣል» አሉኝ።

አሁን ዐይናቸው ከዝናቡ ወደ ድስቱ ተመለሰ። ጎረቤታቸውም ዝም አሉ። ማማሰያው ዙሪያውን አይሽከረከርም፤ ከወለሉ እየፈቀፈቀ ወደ መሐል ያመጣል፣ ከመሐል ወደ ጠርዝ ይገፋል። ከመነካካት ብዛት ፍሬው እንዳይሰበር፣ ካለመነካት እንዳይያዝ። ማማሰያው ሲያልፍ የድስቱ ወለል ለአንድ ትንፋሽ ያህል ይታያል፣ ከዚያ ይከደናል። ወለሉ ቶሎ ከተከደነ መረቅ አይጨመርም። ቀስ ብሎ ከተከደነ ይጨመራል። ሳይከደን ከቀረ ዘግይቷል ማለት ነው፤ እሳቸው ዘንድ አንዴም ሳይከደን አልቀረም።

ስንት ደቂቃ ይፈጃል አልኳቸው። ሳቁብኝ።

«ሙያ በልብ ነው ሲባል አልሰማህም?»

እኔ ግን ሰዓቴን አየሁ፤ ሃያ ስምንት ደቂቃ። ጣሊያኖች አሥራ ስምንት ደቂቃ ገደማ ይላሉ፤ ያ ግን ለቆላ ሰው ነው። እንጅባራ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 91 ወይም 92 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ አይግልም። የሚላኖን ሰዓት ይዞ እንጅባራ የሚያበስል ሰው ጥሬ ሩዝ ያቀርባል። እሳቸው ይህን በቁጥር አያውቁትም፤ አንድ ፍሬ በሁለት ጣታቸው መሐል ጨፍልቀው ግን መሐሉ ላይ የቀረችውን ነጭ ነጥብ ያያሉ። ነጥቧ የስናፍጭ ፍሬ ስታክል ድስቱን አወረዱት። ነጥቧ ገና አልጠፋችም አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም።

ቅጠላ ቅጠሉ የመጣው ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው። ኮሰረቱ ቀድሞ ቅቤው ሲነጠር ከኮረሪማና ከነጭ አዝሙድ ጋር ስለገባ እዚያው አለ፤ አይታይም፣ ይሸታል። በሶብላው ከነአበባው የደረቀ ነው፤ ዳንግላ ካሉ ዘመዶቻቸው ጓሮ የመጣ። ዳንግላ ከእንጅባራ ዝቅ ስለሚል ውርጩ አይጎዳውም ይላሉ። በመዳፋቸው አሽተው ከላይ በተኑት፤ አሽተው ስል ዱቄት እስኪሆን አይደለም፣ ቅጠሉ ትንፋሹን እስኪለቅ ብቻ ነው። ጦስኝ ቁንጥር። ከዚያ ጤና አዳም፣ አንድ እርጥብ ቀንበጥ። በዚህኛው አልስማማም። ጤና አዳም ቡና ላይና አይብ ላይ ቦታ አለው፤ እዚህ ግን በሶብላው የሚለውን ሁሉ ከበላዩ እየጮኸ ይሸፍነዋል። ይህን በልቤ ይዤው ቀረሁ፤ በሰው ማድ ቤት ተቀምጦ በባለሙያ ላይ መፍረድ ነውር ነው።

ቀጥሎ ሁለት ማንኪያ ቅቤ፣ ሳይነካካ ከላይ። እፊያው ተከደነ። ጎረቤታቸው ስለ አንድ የከብት ነገር ጀመሩ፤ ወሬው ተመለሰ። አምስት ደቂቃ ገደማ። ሲከፈት ነጥቧ ጠፍታለች፤ ለካ ያላለቀውን ማብሰል ለራሱ ለእንፋሎቱ ትተውለት ኖሯል። ማማሰያውን ሁለት ጊዜ ብቻ አዟዟሩና ድስቱን ዘመም አደረጉት። ሩዙ እንደ ወፍራም ወጥ ቀስ ብሎ ወደ ዘመመበት ሄደ፣ ድስቱ ሲቀና ተመለሰ። ጣሊያኖች ይህን መልክ በማዕበል ይመስሉታል። እሳቸው «ይሄዳል» ብቻ አሉ።

ስለ ጣዕሙ ብዙ አልልም። ሽንኩርቱን ፈለግኩት፤ የትም የለም፤ በየጉርሻው ግን ጣፋጭነቱ አለ። የገረመኝ ሌላ ነው፦ ለእኔ ማንኪያ ሰጥተው እሳቸው በእንጀራ በሉት።

እቃው ሲታጠብ ማማሰያውን አነሣሁት። ወይራ ነው መሰለኝ፤ ጠቁሯል፣ ከብዷል። ጫፉ ድቡልቡል አይደለም። በግራ ጎኑ ተበልቶ በአንድ ወገን ዘሟል፤ ድስቱ ወለል ላይ ሳስቀምጠው ከጥጉ ጋር ልክክ ብሎ ገጠመ፣ ክፍተት የለውም። ማንም እንደዚያ አድርጎ አልጠረበውም።

በማግስቱ ምራታቸው ነበረች ማድ ቤት የገባችው። እሳቸው ሳሎን ከእኛ ጋር ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ልጆች ይጮኻሉ። ጓደኛዬ ስለ ፈረሱ እየነገረኝ ነበር። እናቱ ሲኒያቸውን ከከንፈራቸው ሳያደርሱ አቆሙትና ወደ ማድ ቤቱ ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ውሃ!»

እኔ ምንም አልሰማሁም ነበር።