መጽሐፉ አለ፤ አንባቢው ግን አላገኘውም
ስለ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ አሠራር የቀረበ ሂስ

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የሚነገረው፣ አለኝ በሚለው ሀብት ሊጠቀም ላልቻለ ሰው ነው። ከቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ደርሶ የፈለገውን መጽሐፍ ሳያገኝ ለሚመለስ ተማሪም ይኸው አነጋገር በትክክል ይስማማል። መጽሐፉ ተገዝቶ፣ ማኅተም ተመትቶበትና ቁጥር ተሰጥቶት ከመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ከካታሎጉ ውስጥ ስለታጣ ብቻ «የለም» ይባላል። ቤተ መጻሕፍቱ በየዓመቱ በሚያቀርበው ዘገባ ውስጥ ግን ያው መጽሐፍ ካሉት እንደ አንዱ ይቆጠራል።

ዜጎች መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብት እንዳላቸው በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ደንግጓል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣውና በ1972፣ በ1994 እንዲሁም በ2022 እንደገና የተሻሻለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫም፣ አገልግሎቱ ለሁሉም በእኩልነት መዳረስ የሚገባው መሆኑን ያስገነዝባል። በአገራችንም በ1936 ዓ.ም. ከተቋቋመው ወመዘክር ጀምሮ በ2014 ዓ.ም. እስከ ተመረቀው አብርሆት ድረስ ለሕንፃና ለመጻሕፍት ክምችት ብዙ ድካም ተደርጓል። ይሁን እንጂ አንባቢውን ከጥያቄው አንሥቶ ወደ መደርደሪያው የሚያደርሰው መንገድ፣ ማለትም ካታሎጉ፣ የዚህን ያህል ትኩረት አላገኘም። ካታሎጉ የተዘጋጀበት ሥርዓት ለሌላ አገር አንባቢ የታሰበ እንደ ሆነ፣ የመጻሕፍቱ ብዛት ብቻውን መረጃን ለሕዝብ አያዳርስም። ይህንንም በአራት ነጥቦች መመልከት ይቻላል።

፩. የስም ጉዳይ

በኢትዮጵያ የአንድ ሰው መጠሪያ የራሱ ስም ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የአባቱ ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። መምህሩ የክፍሉን የስም መጥሪያ የሚያዘጋጀው በተማሪዎቹ የራስ ስም ቅደም ተከተል ነው። በምዕራባውያን ልማድ ብቻ በሚዘጋጅ ካታሎግ ውስጥ ግን የመጨረሻው ስም ወደ ፊት ይመጣና፣ ሐዲስ ዓለማየሁ ከ«ዓ»፣ ባሕሩ ዘውዴ ከ«ዘ» ሥር ይመዘገባሉ። ስሙ ጥምር ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል። የኅሩይ ወልደ ሥላሴ አባት ስም አንድ ስም ሆኖ ሳለ ለሁለት ይከፈልና ደራሲው «ሥላሴ» ተብሎ ይገኛል። ሌላው መዝጋቢ ደግሞ የማዕረጉን ስም አስቀድሞ «ብላቴን ጌታ» ከሚለው ሥር ያኖረዋል። በዚህም ምክንያት የአንድ ደራሲ ሥራዎች በሦስት ቦታ ይበታተናሉ፤ አንዱን ያገኘ አንባቢ የቀሩት መኖራቸውን እንኳ አይጠረጥርም።

ይህ አሠራር ከዓለም አቀፍ ደንብ የመጣ ግዴታ ነው የሚል መከላከያ ሊቀርብ ይችላል። ነገር ግን የአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት እንኳ ሐዲስ ዓለማየሁንም ሆነ ባሕሩ ዘውዴን የሚመዘግበው የራሳቸውን ስም አስቀድሞ ነው። የውጭው ተቋም ያከበረውን የአገር ልማድ የአገሩ ካታሎግ የሚተውበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።

፪. የፊደል ጉዳይ

ሁለተኛው ችግር ከሞክሼ ፊደላት የሚመነጭ ነው። በአማርኛ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሠና ሰ፣ አና ዐ፣ እንዲሁም ጸና ፀ በንግግር የማይለዩ ሲሆኑ በፊደል ገበታ ላይ ግን የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ሀ የመጀመሪያው ፊደል ነው፤ ሐ ሦስተኛው ነው፤ ኀ ደግሞ ከተና ከቸ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ የኅሩይን መጻሕፍት በ«ህ» የሚፈልግ ተማሪ ካርዱ ካለበት መሳቢያ ብዙ ርቆ ይቆማል። በግዕዝ ሥርዓት የሠለጠነ አንባቢ የትኛው ፊደል በየትኛው ቃል እንደሚገባ ያውቅ ይሆናል። የዛሬው ተማሪ ግን «ሥራ»ንና «ስራ»ን፣ «ዓለም»ንና «አለም»ን እያቀያየረ ሲጽፍ ያደገ ነው።

የኮምፒዩተር መምጣትም ችግሩን በራሱ አላስወገደም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ሲካተት ለእያንዳንዱ ሞክሼ ፊደል የተለየ ቁጥር ተሰጥቶታል። መሣሪያው «ሐዲስ»ንና «ሀዲስ»ን እንደ አንድ እንዲቆጥር አስቀድሞ ካልታዘዘ በስተቀር ሁለት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ይወስዳቸዋል። የካርድ መሳቢያ ግን ቢያንስ ግራና ቀኙን ለማገላበጥ ዕድል ይሰጥ ነበር። በኮምፒዩተር መስኮት ላይ «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ ያነበበ ተማሪ ነገሩን እንደ መጨረሻ ቃል ቆጥሮ ይሄዳል።

በሌላ በኩል አፋን ኦሮሞን የመሳሰሉ ቋንቋዎች ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት ሁለቱንም ፊደላት በአግባቡ ማስተናገድ ይኖርበታል። የአማርኛን መጽሐፍ በላቲን ፊደል ብቻ መዝግቦ ማስቀመጥ ግን አንባቢው መጽሐፉን ከማንበቡ በፊት ስሙን በሌላ ፊደል እንዲጽፍ ማስገደድ ነው።

፫. የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ

በካርድ ላይ የሚጻፈው የኅትመት ዓመት ብዙውን ጊዜ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ አይገለጽም። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. 1965/66 ማለት ነው። ካርዱ «1958» ብሎ ብቻ ቢተወውና አንባቢው ቁጥሩን በአውሮፓ አቆጣጠር ቢወስደው፣ መጽሐፉ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከተካሄደው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በፊት የወጣ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን ልብ ወለዱ የወጣው ከሙከራው አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ሥነ ጽሑፍን ከታሪክ ጋር አያይዞ ለሚያጠና ተማሪ ይህ ስሕተት የክርክሩን መሠረት ይንደዋል። ሁለት ወይም ሦስት ፊደላት፣ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.»፣ ቢጨመሩ ግን ስሕተቱ ባልተፈጠረ ነበር።

፬. የአመዳደብ ጉዳይ

ብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚሠሩበት የዲዊ አሥርዮሽ አመዳደብ እ.ኤ.አ. በ1876 በአሜሪካ የታተመ ነው። ዕውቀትን በአሥር ክፍሎች ከፍሎ በቁጥር የሚያመለክት በመሆኑ ለመማር ቀላል ነው፤ ሲያስፈልግም ከነጥቡ በኋላ በሚጨመሩ አኃዞች ይሰፋል። ጥቅሙን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ሥርዓቱ ዓለምን ያየው ከወጣበት አገር መስኮት ነው። ለእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ከ820 እስከ 829 ያለው ሰፊ ቦታ ሲሰጠው፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ «ሌሎች ሥነ ጽሑፎች» ከሚባሉት ጋር በ890ዎቹ ውስጥ ገብቶ 892.87 ላይ ተጣብቧል።

ከዚህ ጥበት የተነሣ አንዳንድ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ቁጥሩን ትተው «የአማርኛ መጻሕፍት» የሚል አንድ መደርደሪያ ያዘጋጃሉ። እዚያም ላይ ስለ ንብ ማነብ የተጻፈ መምሪያ ከልብ ወለድ፣ ስለ ወባ መከላከያ የተዘጋጀ ትንሽ መጽሐፍ ከግጥም መድበል ጋር ተሰልፎ ይገኛል። በእንግሊዝኛ የተጻፉት በርእሳቸው፣ በአማርኛ የተጻፉት ግን በቋንቋቸው ብቻ ተመደቡ ማለት ነው። ይህ ሳይታወቅ የሚተላለፍ ትምህርት አለው፤ ተማሪው እንግሊዝኛን የዕውቀት፣ አማርኛን የጨዋታ ቋንቋ አድርጎ እንዲያይ ያለማምደዋል።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመርና በኋላም በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ሲካሄድ፣ ዓላማው ፊደል የቆጠረው ሕዝብ ለኑሮው የሚረዳውን ዕውቀት በራሱ ቋንቋ እንዲያነብ ነበር። ለግብርናና ለጤና የሚጠቅመው ጽሑፍ በርእሱ ሊገኝ ካልቻለ ያ ዓላማ ከመደርደሪያው ሥር ይቀራል።

ምን ይደረግ?

ከላይ የተዘረዘሩት ጉድለቶች ሁሉ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ጥፋት ናቸው ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው መዝጋቢም፣ አዋሽም፣ ጠባቂም ሆኖ ይሠራል። ያስተማሩትም መጻሕፍት ስለ ሌላ አገር ስሞችና ፊደላት የተጻፉ ናቸው። ከዚህም በላይ የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ራሳቸው ከወቀሳ ነጻ አይደሉም። በመምህሩ መምሪያ ላይ የንባብ ዝርዝር ሲያወጡ የደራሲውን የራስ ስም በአንድ ፊደል አሳጥረው የአባቱን ስም ብቻ የሚያሰፍሩ፣ ዓመተ ምሕረቱንም የማይለዩ አሉ። ተማሪው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሚሄደው ይህንኑ ጎዶሎ ወረቀት ይዞ ነው።

መፍትሔው ግን ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። ህንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ባወጣቸው አምስት ሕጎች ውስጥ የአንባቢውን ጊዜ መቆጠብ አንዱ ሕግ ነበር። በዚሁ መንፈስ የሚከተሉት ሊፈጸሙ ይችላሉ።

አንደኛ፣ ኢትዮጵያዊ ደራሲ ሁልጊዜ በራሱ ስም ይመዝገብ፤ ጥምር ስም አይከፈል፤ ማዕረግ ከስሙ በኋላ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በሞክሼ ፊደላት ምክንያት ሊሳሳት ለሚችል አንባቢ «ህሩይ፦ ኅሩይን ተመልከት» የሚል አመልካች ካርድ ይዘጋጅለት፤ ኮምፒዩተር ባለበትም መፈለጊያው ሞክሼዎቹን እንደ አንድ እንዲቆጥር ይደረግ። ካታሎጉ የትኛው አጻጻፍ ትክክል ነው የሚለውን የቆየ ክርክር መፍታት አይጠበቅበትም፤ በሁሉም አጻጻፍ የሚመጣውን አንባቢ ማስተናገድ ግን ይገባዋል። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ዓመት አቆጣጠሩ ይገለጽ። አራተኛ፣ የአማርኛም ሆነ የሌሎች የአገር ቋንቋዎች መጻሕፍት በርእሳቸው ይመደቡ፤ ቁጥሩ ለጊዜው ቢያስቸግር እንኳ ንብ ማነብ ከንብ ማነብ ጋር ይቀመጥ።

የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም ዕጩ መምህራንን በቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ ፈልጎ በማግኘት ተግባር ሊያሠለጥኗቸው ይገባል። አንድ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ በአንድ የትምህርት ዓመት የትምህርት ቤቱን የአገር ቋንቋ መጻሕፍት መልሶ ቢመዘግብ፣ ሥራው ራሱ የቋንቋ፣ የታሪክና የሒሳብ ትምህርት ይሆናል።

ዕቅድ አውጪዎች የቤተ መጻሕፍትን አገልግሎት ሲገመግሙ የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት መጽሐፍ አለ?» የሚል ነው። ከእርሱ ጋር ሌላ ጥያቄ ሊታከልበት ይገባል፤ ይኸውም «ከጠየቁት ውስጥ ያገኙት ስንቶቹ ናቸው?» የሚል ነው። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ እስካልታወቀ ድረስ፣ በዘገባው ላይ የሚደመረው የመጻሕፍት ቁጥር ከሰማዩዋ ላም የተለየ ጥቅም አይሰጥም።